የኮራል ገንዳ ሲዳከም፦ ምን እንደተለወጠ መፈለግ

ትናንት በሚገባ ተዘርግቶ የዋለ ኮራል ዛሬ ጠዋት ተኮማትሮ ሲገኝ የባለቤቱ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠርሙስ ነው። ካልሲየም ይጨመራል፤ ቀጥሎ የማዕድን ድብልቅ ይፈስሳል። በሦስተኛው ቀን የገንዳው ውሃ ግማሹ ይቀየራል፤ በአምስተኛው ቀን መብራቱ ይቀነሳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ኮራሉ ራሱ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮራሉ ቢሞት ምን እንደገደለው፣ ቢድንም ምን እንዳዳነው ማወቅ አይቻልም።

እኔም በዚሁ መንገድ ኮራሎች አጥቻለሁ። በቤት ውስጥ በሚገኝ የባሕር ውሃ ገንዳ ብዙ ኮራሎችን የሚጨርሰው የመጀመሪያው ችግር ሳይሆን ችግሩን ለማስተካከል በጥድፊያ የሚደረገው ነገር ነው ብዬ የማምነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ለወራት ሲያድግ የኖረ ኮራል በድንገት ከተጎሳቆለ በዙሪያው አንድ ነገር ተለውጧል። ያ ነገር እስኪገኝ ድረስ የምንጨምረው ሁሉ ግምት ነው።

ለውጥን ለምን እንደማይወድ ለመረዳት ኮራል ምን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። ኮራል እንስሳ ነው፤ ፖሊፕ የሚባሉ፣ አፍና ጥቃቅን ክንዶች ያሏቸው ብዙ አካላት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው ቢባል ይቀርባል። በሥጋው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ከሠራውም አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍላል። ኮራሉ በበኩሉ መጠለያ ይሰጠዋል፤ ከራሱ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅንም ይመግበዋል። ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየወሰዱ ከሥጋቸው ሥር አጽም ይገነባሉ። ስለዚህ ብርሃኑ ሲዛባ አልጌው፣ የውሃው ኬሚስትሪ ሲዛባ አጽሙ፣ ኦክስጅንና ምግብ ሲጓደል ሥጋው ይጎዳል፤ አንዱ ሲጎዳም ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ እንኳ ውሃው ኮራሉ ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ሪፉ፣ ማለትም የኮራሉ ክምር፣ መንጣት ይጀምራል። በ1998 በዓለም ዙሪያ የታየው የኮራል መንጣት የመጣው በዚህ ዓይነት የሙቀት ጭማሪ ነው። ውቅያኖስ ያልቻለውን ለውጥ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሳጥን አይሸከመውም።

ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም

ኮራል ነጭ ሲሆን በቅድሚያ አጉሊ መነጽር ይዞ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሥጋው በቦታው ካለ፣ ፖሊፖቹም ገርጥተውም ቢሆን የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ የጠፋው አልጌው ብቻ ነው። መንጣት የሚባለው ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ከሙቀት ወይም በድንገት ከበረታ ብርሃን ነው። የነጣ ኮራል ሕይወት አለው። ውሃው ተረጋግቶ፣ ብርሃኑ ለዘብ ብሎ፣ በጥቂቱ ከተመገበ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀለሙ ሊመለስ ይችላል።

ሥጋው ተገፍፎ ባዶ አጽም ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ክፍል ሞቷል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት በሞተውና በሕያው መካከል ያለው ድንበር እየተጓዘ መሆን አለመሆኑ ነው። በዓይን ብቻ መገመት ያሳስታል፤ ስልክ አንስቶ ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ መብራት ፎቶግራፍ ማንሳትና በማግስቱ ማነጻጸር በጣም ይረዳል። ሥጋው ከሥር ወደ ላይ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሸሽ ከሆነ ለመመርመር ጊዜ አለ። በሰዓታት ውስጥ ከቅርንጫፉ እየተላጠ የሚወርድ ከሆነ ግን ምርመራው ይቆይ፤ ከድንበሩ ራቅ ብሎ ያለውን ጤናማ ጫፍ ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ብቸኛው ማትረፊያ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ይቅደም የምለው እኔ ራሴ ያለ ምርመራ መቀስ የማነሣው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አዳዲስ ባለቤቶችን በከንቱ የሚያስደነግጥ ነጭም አለ። አክሮፖራን የመሳሰሉ ቅርንጫፋማ ኮራሎች ጫፋቸው ሲነጣ ብዙ ጊዜ እያደጉ ነው፤ አዲሱ አጽም አልጌው ከሚስፋፋበት ፍጥነት ቀድሞ ስለሚሄድ ነጭ ይመስላል። ጫፉ ላይ ቀጭን ሥጋና ፖሊፕ ካለ ደስ ይበልዎት። ጫፉ ደርቆ፣ ሥጋው ተቃጥሎ አጽሙ ከወጣ ግን ከታች ወደማነሣው ወደ አልካላይኒቲ ጉዳይ ይሂዱ።

ቡናማነት ደግሞ የነጭ ተቃራኒ ነው፤ አልጌው ከመጠን በላይ በዝቷል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ብርሃን ሲያንስ ወይም በውሃው ውስጥ አልጌ የሚመገባቸው ናይትሬትና ፎስፌት ሲከማቹ ነው። ቡናማ ኮራል አያምርም እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እየሞተ አይደለም። ቀለሙን በአንድ ሳምንት ለመመለስ ሲሉ ብርሃኑን በእጥፍ አሳድገው ያቃጠሉት ሰዎች ብዙ ናቸው።

የተጎዳው ማን ነው?

ኮራሉን ካዩ በኋላ ቀና ብለው መላውን ገንዳ ይመልከቱ። ከማንኛውም የኬሚካል መመርመሪያ በፊት ብዙ የሚናገረው የጉዳቱ ሥርጭት ነው።

አንድ ኮራል ብቻ ከተጎዳና ጎረቤቶቹ ደህና ከሆኑ ውሃውን መክሰስ አይቻልም። የሚበላው ተባይ፣ የሚነድፈው ጎረቤት፣ ጥላ የጣለበት ድንጋይ፣ የሚነቁረው ዓሣ ይፈለግ። በገንዳው አንድ ጎን ያሉት ብቻ ከተጎዱ በዚያ በኩል ያለው ፓምፕ ወይም መብራት ይፈተሽ። ኮራሎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከተኮማተሩ ውሃው ላይ የደረሰ ነገር አለ፤ ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ አልካላይኒቲ ወይም መርዝ።

ቀንድ አውጣዎችና ሽሪምፖች እየሞቱ ዓሦቹ ምንም ካልሆኑ መዳብን ወይም የጨዋማነት መዛባትን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ለሁለቱም ከዓሣ ይልቅ ስስ ናቸው። በተቃራኒው ኮራሎቹ ደህና ሆነው ዓሦቹ ብቻ ከታመሙ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ በቆዳቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚያስመስለው ክሪፕቶካርዮን ከእነዚህ አንዱ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት በኮራል ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። ዓሦቹ ወጥተው በሌላ ገንዳ ይታከማሉ፤ የኮራሉ ገንዳም ተሕዋሱ ያለ አስተናጋጅ እንዲያልቅ ያለ ዓሣ ይቆያል። በዘርፉ የተለመደው የጥንቃቄ መጠን 76 ቀን ነው።

ዓሦች ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚተነፍሱ ከሆነ ግን ይህን ማንበብ ያቁሙና ፓምፑን ወደ ውሃው ፊት አዙረው ገጹን ያናውጡት። ኦክስጅን አልቋል። ይህ በተለይ ሌሊት ይከሰታል፤ አልጌዎቹም በጨለማ ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ይወስዳሉና።

ከውሃው በፊት መለኪያውን ይጠርጥሩ

አንድ ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ኮራሎቼ አንድ በአንድ ሲጠወልጉ ጨዋማነቱን በየሳምንቱ እለካ ነበር። የጨዋማነት መለኪያዬ፣ ሪፍራክቶሜትሬ፣ ዘወትር 35 በሺህ ይላል። ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የተፈጥሮ ባሕር ውሃ አማካይ ጨዋማነት 35 በሺህ አካባቢ፣ በአንጻራዊ እፍግታ ሲነገር 1.026 ገደማ ነው። ስለዚህ ጨዋማነትን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰርዤ መብራቱን፣ ምግቡን፣ ማጣሪያውን ሁሉ አስተካከልኩ። በመጨረሻ በ35 የተዘጋጀ የማመሳከሪያ ፈሳሽ አግኝቼ መሣሪያው ላይ ስጨምር ያነበበው 31 ነበር። ገንዳዬ ለካስ 39 ላይ ቆይቷል። መሣሪያውን ሁልጊዜ የማስተካክለው በተጣራ ውሃ፣ ማለትም በዜሮ ላይ ብቻ ነበር፤ ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መለኪያ 35 ላይም ትክክል ይሆናል ብዬ ማሰቤ ነው የጎዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ምርመራ የምጀምረው ከመሣሪያው ነው። ሪፍራክቶሜትር ከገንዳው ውሃ ጋር በሚቀራረብ የማመሳከሪያ ፈሳሽ ይስተካከል። ቴርሞሜትር ሁለት ይሁን፤ ከተለያዩ ሦስተኛ ይምጣ። የፈሳሽ መመርመሪያዎች ጊዜያቸው ያልፋል፤ ክዳናቸው ሳይዘጋ ከቆየ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስም ይበላሻሉ። ያልተጠበቀ ቁጥር ሲያዩ ውሃውን ከማስተካከልዎ በፊት ልኬቱን ይድገሙት፤ የሚቻል ከሆነ በሌላ መመርመሪያ። በስህተት ቁጥር ላይ የተመሠረተ ትክክለኛ እርምጃ የሚባል ነገር የለም።

ጨዋማነት የሚዛባበት ሌላው መንገድ ትነት ነው። ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን ይቀራል። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቀን 3 ሊትር ቢያጣና ለአንድ ሳምንት ባይሞላ፣ በ35 የጀመረው ጨዋማነት ከ39 ያልፋል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው በጨው አልባ የተጣራ ውሃ ነው፤ ይህንንም በየቀኑ ወይም ራሱ በሚሞላ መሣሪያ ማድረግ ይመረጣል። መሣሪያው ያለው ሰው ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያውን በየጊዜው ያጽዳ፤ ቀንድ አውጣ ተጣብቆበት ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ሲያፈስ ሊያድር ይችላል። ጨዋማነት ተዛብቶ ከተገኘ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው፤ በእፍግታ መለኪያ በቀን ከ0.001 ባይበልጥ ይመረጣል።

ለሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ክልል ለአብዛኞቹ ኮራሎች ይስማማል። የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ከሁሉ የሚከፋው እንደበራ መቅረቱ ነው፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ይልቅ ሁለት ትናንሽ የሚጠቀሙት። አንዱ ቢጣበቅ ብቻውን ገንዳውን መቀቀል አይችልም። ቀን ላይ ብቻ መለካትም በቂ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድና መብራቶቹ ሊጠፉ ሲሉ የተወሰዱት ሁለት ንባቦች የቀኑን መዋዠቅ ያሳያሉ።

አልካላይኒቲ

ይህን ርዕስ ለብቻው ያወጣሁት ድንጋያማ ኮራል በያዘ ገንዳ ውስጥ ዋናው ተጠርጣሪ አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ስለሆነ ነው።

አልካላይኒቲ በአጭሩ በውሃው ውስጥ ያለው የባይካርቦኔትና የካርቦኔት ክምችት መለኪያ ነው። ኮራል አጽሙን የሚገነባው ከዚህና ከካልሲየም ነው። የሚለካውም ዲኬኤች በሚባል አሃድ ነው፤ የባሕር ውሃ 7 ዲኬኤች ገደማ አለው፤ በገንዳ ውስጥ ከ7 እስከ 11 ባለው ክልል ኮራሎች በደህና ሲያድጉ ይታያል። በክልሉ ውስጥ የትኛው ቁጥር እንደሚሻል ሰዎች ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ቁጥሩ 8 ሆነ 9 ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰኞ 7.5፣ ረቡዕ 9.5፣ ቅዳሜ እንደገና 7.5 መሆኑ ነው። በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ የሚወጣና የሚወርድ ውሃ ቁጥሮቹ በሙሉ «ትክክል» ቢሆኑም እንኳ ጫፍ ያቃጥላል፣ ሥጋ ያሸሻል። ውሃው ከናይትሬትና ከፎስፌት የተራቆተ ሲሆን ደግሞ ከፍ ያለ አልካላይኒቲ ይበልጥ ይጎዳል።

ካልሲየም በአንድ ሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ኮራል አጽም ሲገነባ ሁለቱን ዋና ግብአቶች የሚወስደው በተመጣጠነ ድርሻ ነው፤ ወደ 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲቀንስ አልካላይኒቲ 2.8 ዲኬኤች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መውደቁ የሚታየው አልካላይኒቲ ነው፤ ካልሲየም ግን ከትልቅ ክምችት ላይ ስለሚቀነስ ለቀናት ያልተነካ ይመስላል። ካልሲየም ብቻ እየለካ «ውሃዬ ደህና ነው» የሚል ሰው ዘግይቶ የሚደርስ ዜና እየሰማ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልምጣ። አንድ ገንዳ በቀን 0.6 ዲኬኤች ይበላል እንበል፤ ባለቤቱም ያንኑ በየቀኑ የሚተካ ማሽን ገጥሟል። አንድ ቀን በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በሙቀት፣ ኮራሎቹ ደከሙ። የደከመ ኮራል አጽም መገንባቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የገንዳው ፍጆታ ወደ 0.3 ይወርዳል። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም፤ 0.6 መጨመሩን ይቀጥላል። በአሥር ቀን ውስጥ አልካላይኒቲው በ3 ዲኬኤች ወጣ። በሙቀት የደከመው ኮራል በዚህ ጊዜ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ፍጆታው ይበልጥ ይወርዳል፤ አልካላይኒቲውም ይበልጥ ይወጣል። ባለቤቱ በሁለተኛው ሳምንት ለክቶ 11.5 ሲያገኝ «መንስኤው አልካላይኒቲ ነው» ይላል፤ የሙቀቱ ነገር ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ሳይነካ የጨመረ አልካላይኒቲ ብዙውን ጊዜ ኮራሎቹ መታመማቸውን የሚያሳይ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቶ መጻፍን የምመክረው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ኮራሎቹ ሳያድጉ አልካላይኒቲና ካልሲየም አብረው የሚወድቁ ከሆነ ማዕድኑ በራሱ እየረጋ ሊሆን ይችላል፤ በማሞቂያውና በፓምፑ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ማግኒዥየሙን ይለኩ። ማግኒዥየም ሲያንስ ካልሲየም ካርቦኔት በቀላሉ ይረጋልና።

ስለ ፒኤች፣ ማለትም ስለ ውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። ከ7.8 እስከ 8.5 ያለው ሁሉ ኑሮ ይፈቅዳል። ዝቅ ሲል «ማሳደጊያ» ዱቄት የሚጨምር ሰው በአብዛኛው የሚያሳድገው አልካላይኒቲን ነው። የፒኤች ዝቅታ ዋና ምክንያት በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚከማች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ብርጭቆ የገንዳ ውሃ ወደ ውጭ አውጥተው በአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያናፍሱት፤ ፒኤቹ በግልጽ ከፍ ካለ መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው።

ንጹሕ ከመጠን በላይ

ለረጅም ጊዜ የኮራል ገንዳ ጠላት ቆሻሻ እንደሆነ ይነገር ነበር። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ የሚል ውጤት እንደ ሽልማት ይታይ ነበር። ዛሬ የማያቸው የተዳከሙ ገንዳዎች ግን ብዙዎቹ የተራቡ ናቸው። በኮራሉ ውስጥ ያለው አልጌ እንደማንኛውም ተክል ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። ብርቱ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ፎስፌት የሚመጥ ብረት ያዘለ ማጣሪያ፣ ጥቂት ዓሣና ጥቂት ምግብ ሲደመሩ ውሃው ይራቆታል፤ ኮራሉ ይገረጣል፤ ሥጋው ሳስቶ አጽሙ ከሥሩ ይታያል። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 20 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ለተደባለቀ ገንዳ የሚመች ክልል ነው።

ዜሮ ከደረሰ ገንዳ ዳይኖፍላጀሌት ሩቅ አይደለም። ይህ ንፍጥ የሚመስል ቡናማ ሽፋን ነው፤ በውስጡ የአየር አረፋዎች ይያዛሉ፤ ቀን ይበዛል፣ ሌሊት ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል። ቀንድ አውጣዎች ከበሉት ሊሞቱ ይችላሉ። ከሳይኖባክቴሪያ ጋር ይምታታል፤ ሳይኖባክቴሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ቀይ ሆኖ እንደ ስስ ጨርቅ በአንድነት ይላጣል፤ የውሃው ፍሰት በደከመበት ይበዛል። በአዲስ ገንዳ መስታወት ላይ እንደ አቧራ የሚቀመጠውና በጣት የሚጠረገው ቡናማ ደግሞ ዳያቶም ነው፤ እርሱን ይተዉት፣ በራሱ ያልፋል። ለመለየት ጥቂቱን ከውሃ ጋር በብልቃጥ ውስጥ በኃይል ይበጥብጡት፤ በወረቀት ማጣሪያ አጥልለው ያለፈውን ውሃ ለአንድ ሰዓት ብርሃን ላይ ያስቀምጡት። ተበታትኖ የነበረው እንደገና ተያይዞ ክር ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደው ደመ ነፍስ ይጎዳል። ቆሻሻ የሚመስል ነገር ሲታይ ሰው ምግብ ይቀንሳል፣ ውሃ ይቀይራል፣ ማጣሪያ ያጠናክራል፤ ረሃቡ ይብሳል፤ ዳይኖፍላጀሌቱም ተወዳዳሪ አልጌዎቹን አጥቶ ሜዳው የእርሱ ይሆናል። ማድረግ ያለብን ፎስፌት የሚመጠውን ማጣሪያ ማውጣት፣ ዓሦቹን በደንብ መመገብና ሁለቱ ቁጥሮች ከዜሮ በላይ እንዲቆዩ መጠበቅ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ዝርያውን ቢለይ ድካሙ ይቀንሳል፦ ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ወደ ውሃው ስለሚወጣ አልትራቫዮሌት መብራት ያገኘዋል፤ አምፊዲኒየም ግን አሸዋው ውስጥ ስለሚያድር ያው መብራት ብዙም አይነካውም።

ፎስፌት በዝቶ ከሆነም በጥድፊያ አይወርድም። ድንጋዩና አሸዋው ፎስፌት ይዘው ስለሚቆዩ ከውሃው ሲወጣ እነርሱ መልሰው ይለቃሉ፤ ዛሬ የወረደው ቁጥር ከነገ ወዲያ ተመልሶ ሲወጣ ማጣሪያው አልሠራም ማለት አይደለም።

የማይታዩ ምንጮች

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የሚመጣ መዳብ ይይዛል። በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (በረቂቅ ወንፊት በማሳለፍ) እና በዲአዮናይዜሽን (የቀሩትን ጨዎች በመያዝ) የተጣራ ውሃ፣ በውሃ የሟሟ ጠጣርን የሚለካው መሣሪያ ዜሮ ማሳየት አለበት። ይሁን እንጂ ያ መለኪያ የሚያየው በኤሌክትሪክ የሚታወቁ ጨዎችን ነው፤ ክሎሪንን አያይም። የከሰል ማጣሪያው ካረጀ ዜሮ እያነበቡ ክሎሪን ሊያፈስሱ ይችላሉ፤ ለእርሱ የተለየ መመርመሪያ አለ።

ማግኔቶች፣ የማሞቂያ መያዣዎችና የፓምፕ ዘንጎች ፕላስቲካቸው ሲሰነጠቅ ይዝጋሉ። መላው ገንዳ ታሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ሲሆኑ በውሃው ውስጥ ያለውን ብረት ነክ ነገር አንድ በአንድ አውጥቼ አያለሁ። በግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም፣ የተረጨ የነፍሳት ማጥፊያ፣ ቅባት የነካው እጅም ይጠየቃሉ። የማጣሪያ ከሰል በነዚህ ሁሉ ላይ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ለስላሳ ኮራሎች እርስ በርስ ለመገፋፋት ወደ ውሃው የሚለቁትንም ኬሚካል ይይዛል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ቢጫ የነበረውን ውሃ ከሰሉ በአንድ ቀን ሲያጠራው ወደ ኮራሉ የሚደርሰው ብርሃን በድንገት ይጨምራል። የመብራቱን መስታወት ከወራት በኋላ ማጽዳትም እንዲሁ። ሰው መብራቱን አልነካሁም ይላል፤ ኮራሉ ግን ነጥቷል።

ፍሰቱም ማንም ሳይነካው ይለወጣል። ፓምፖች በኖራና በአልጌ እየተደፈኑ ከወር ወር ይደክማሉ፤ ኮራሉ ራሱም አድጎ መንገዱን ይዘጋል። በየጥቂት ወራት ፓምፑን በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጽዳት ብዙ «ምሥጢራዊ» በሽታዎችን አስወግዶልኛል።

አንድ ኮራል ብቻ ከተጎዳ ደግሞ ሌሊት በቀይ ባትሪ መብራት ይዩት። ጋላክሲያን የመሰሉ ኮራሎች በጨለማ ረጃጅም ተናዳፊ ክሮች ይዘረጋሉ፤ ቀን ሰላማዊ የሚመስለው ርቀት ሌሊት ጦርነት ነው። አክሮፖራ የሚበሉ ጠፍጣፋ ትሎች ቀለማቸው ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰል አይታዩም፤ የሚያጋልጣቸው ሥጋው ላይ የሚተዉት ክብ የገረጣ የንክሻ ምልክትና በባዶው አጽም ላይ የሚጥሉት ቡናማ እንቁላል ነው። ኮራሉን ለኮራል በተዘጋጀ የማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ትሎቹን ይገድላል፤ እንቁላሎቹን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ እንቁላሉ ተፍቆ፣ መንከሩም በየሳምንቱ ይደገማል።

ዞአንቲድና ፓሊቶዋ ስለሚባሉት፣ አበባ ስለሚመስሉ የኮራል ዘመዶች፣ በጥብቅ ማሳሰብ እወዳለሁ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ ይዘዋል። በእነርሱ የተሸፈነውን ድንጋይ መቀቀል፣ በሙቅ ውሃ መፋቅ ወይም ያለ ጓንትና መነጽር መቁረጥ ቤተሰብን ሆስፒታል ያደርሳል።

ማስተካከል

መንስኤው ከታወቀ እርሱ ብቻ ይስተካከላል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይተዋል። አልካላይኒቲ ዝቅ ካለ በቀን ከ1 ዲኬኤች ባልበለጠ ይወጣል፤ ከፍ ካለ መጨመሩ ቆሞ ኮራሎቹ ራሳቸው እንዲያወርዱት ይጠበቃል። መንስኤው ካልታወቀ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን የውሃ ቅያሬ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር ተስተካክሎ፣ አዲስ የማጣሪያ ከሰልም ተጨምሮ ማድረግ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መርዝ ከተጠረጠረ ግን ቅያሬው ትልቅና ተደጋጋሚ ይሁን።

ማስታወሻ ደብተር ይኑርዎት። ቀን፣ ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ አልካላይኒቲ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፤ ከጎኑም በዚያ ቀን የተደረገው ነገር ሁሉ፦ አዲስ ዓሣ፣ አዲስ የጨው ከረጢት፣ የተጸዳ መብራት። ለኮራል አንድ ነገር ከተለወጠ እስከሚያሳይ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያልፍ ስለሚችል፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዛሬው ገጽ ላይ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ነው።

ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነው፤ ይህም ከሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ላይታይ ይችላል፤ የሸሸው ሥጋ ድንበር ባለበት ከቆመ እንኳ በቂ ነው። ቀጥሎ የአልካላይኒቲው ፍጆታ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይጀምራል፤ እኔ ከቀለም በፊት የማምነው ይህን ቁጥር ነው። ከዚያ በአጽሙ ጠርዝ ላይ ሥጋው ወፈር ብሎ ከንፈር ይሠራል፤ ያ ከንፈር ባዶውን አጽም እየሸፈነ በሳምንት ሚሊሜትር የማይሞላ ርቀት ወደፊት ይሄዳል።